በዛብህ የሚባለው እንጨት

አቃቂ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለጋሼ ሳህሌ፣

ከአቃቂ ብርድ የተነሳው ሰላምታዬ በአሰብ ሙቀት ሳይቀልጥ ይድረስዎ። እትዬ ወርቅነሽና ስድስቱ ልጆች እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ ስሙ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ዝምድናችን ሦስት ቤት ስለሚርቅ በደብዳቤ ማስቸገሬን ይቅር ይበሉኝ። ባለቤቴ በዛብህ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። የኩባንያውን ቦቴ ይዞ አሰብ ሲወርድ የሚያድረው እርስዎ ቤት፣ መኪናውንም የሚያይለት የእርስዎ እጅ ስለነበረ፣ ከእኔ ቀጥሎ እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ነፋስ ናፍታ ይጠጣል?

ስቀው እንዳያልፉት። ከሥራ የተባረረው በዚች ቃል ነው። የዛሬ አራት ዓመት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከአሰብ ሲመለስ መኪናው ከተፈቀደለት በላይ ናፍታ ጨርሶ ተገኘ። ሹሙ «የት ሸጥከው?» አለው። በዛብህም «ነፋስ ጠጣው» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ቢሮው በሙሉ ሳቀበት፤ በሌብነት ጽፈው አሰናበቱት።

ከዚያ ወዲህ የሾፌር ሁሉ የናፍታ ጋን በኩባንያው በር ላይ በእንጨት ይለካል። ለእንጨቱ ስም አወጡለት፤ በዛብህ አሉት። እኔ ዳቦና ሻይ የምሸጠው ከዚሁ በር ፊት ለፊት ነው። የጠዋቱ ባቡር ጮኾ ጣቢያውን ሲለቅ በሩ ይከፈታል። ለኪው መገርሳም «በዛብህን አቀብሉኝ!» ይላል። የጎደለበት ሾፌር ሲገኝ ደግሞ እንጨቱን ከፍ አድርጎ «በዛብህ!» ይለዋል። ከልክ አለፈብህ ማለቱ ነው፤ ስሙም ስድቡም አንድ ቃል ሆኖ ተገጣጠመላቸው።

በዛብህ በሕይወት ሳለ ታሞ ከተኛበት ይሰማው ነበር። ቤታችን ቅርብ ነው። «ብዙ፣ እኔን ነው የሚጠሩኝ?» ይለኛል። «አይደለም፣ ተኛ» እለዋለሁ። አሁን እሱ የለም፤ በተጠራ ቁጥር ቀና የምለው እኔ ነኝ። አንድም ቀን ሳልዞር ቀርቼ አላውቅም።

የማውቅዎት በእውነተኛነትዎ ነው። ይጠጣል ወይስ አይጠጣም፣ ይጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ብዙወርቅ


አሰብ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለብዙወርቅ፣

የባሕሩን ጨው የሚያህል ብዙ ሰላምታ ይድረስሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ወርቅነሽ ወገቧን ያማታል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ትልቋ ልጃችን ተድራ ቡሬ ገብታለች።

ደብዳቤሽ ቶሎ ነበር የደረሰኝ። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ። ላልሽው ነገር፣ ነፋስ ይጠጣል። ይህን የማያውቅ ሾፌር የለም፤ የማያውቀው የቢሮ ሰው ነው። ቢሆንም ምን ያደርጋል? ነፋስ ተይዞ ለምስክርነት አይቀርብ። በዛብህ መልካም ሰው ነበረ፤ መልካምነቱን እግዚአብሔር ያውቀዋል። ያረፈን ሰው በስሙ እየጠሩ ማስነሳት ለነፍሱ ዕረፍት አይሆንም፣ እህቴ።

በዚህ ሾፌር እጅ አንድ ከረጢት ተምርና ጥቂት ብር ልኬልሻለሁ። ለሻይ ቤትሽ የጎደለሽን ግዢበት። ሌላም ሲያስፈልግሽ አትፈሪ፣ ጻፊልኝ።

የማይረሳሽ ወንድምሽ፣
ሳህሌ


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለጋሼ ሳህሌ፣

ለእትዬ ወርቅነሽ ወገብ ምሕረቱን ያውርድላት፤ ለሙሽራዋም ቤቷን የሳቅ ያድርግላት። ተምሩ ደርሶኛል፤ ለጎረቤት ሁሉ አዳርሼዋለሁ። ብሩን ግን በሁንዴ እጅ መልሼልዎታለሁ። እንዳይቀየሙኝ። የጠየቅሁት ሌላ ስለሆነ ነው።

ሁንዴን ያውቁታል፤ የሾፌሮቹ የገብርኤል ማኅበር መሪ፣ ሙሴው ነው። በዛብህን ከማኅበሩ ያሰረዘው እሱ ነው፤ ቀብሩ ላይ ከሾፌር ሁሉ ብቻውን የመጣውም እሱ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሾፌሮቹ ተራ ይዘው ሻይ ሲጠጡ ጀመረኝ።

«ብዙዬ፣ ሻይሽ ዛሬ ቀጠነሳ! ስኳሩን ነፋስ ጠጣው እንዴ?»

«ነፋስስ ቢሆን ባልከፋ» አልኩት፤ «ስኳሩን የሚያመጣልኝ ሾፌር ነው።»

ሁሉም ሳቁ፤ እሱ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ሌሎቹ ሲሄዱ ግን ብርጭቆውን ይዞ ቆመ።

«አንቺን ለማስቀየም አይደለም» አለኝ።

«አውቃለሁ። ግን የአሰቡ መካኒክ ነፋስ ይጠጣል ብሎ ጽፎልኛል።»

«ማን ይጠፋዋል? እኔም አውቃለሁ።»

«ታዲያ በዛብህን ለምን ሌባ አላችሁት?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እሱ ሲባረር መኪናውን የተረከብኩት እኔ ነኝ፣ ብዙዬ። ያው ሞተር፣ ያው መንገድ፣ ያው ነፋስ። እኔ ላይ አልጠጣብኝም። ለምን በእሱ ብቻ?»

ብርጭቆውን አንስቼ አጠብኩ። «ቢሮው ሌባ አልነበረም ብሎ ይጻፍ» አለኝ፤ «እኔ ራሴ በገብርኤል ዕለት ስሙን ጮኼ እጠራዋለሁ።»

ጋሼ፣ ነፋሱ ይጠጣል ካሉ እንዴት እንደሚጠጣ ያስረዱኝ። የሁንዴን ለምን እንዳልጠጣም ይንገሩኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሜዳው ሲነሳ በሬን ይገፋዋል። በዛብህ ተኝቶ ሳለ በሩ ሲንቀሳቀስ «ዛሬ ፊት ለፊት ነው» ይል ነበር። አሁንም በሩ በተገፋ ቁጥር ቃሉን ከአልጋው በኩል እሰማዋለሁ።

መልስዎን የምትጠብቅ፣
ብዙወርቅ


አሰብ፣ መጋቢት 15 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለብዙወርቅ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ዘገየሁ፤ ይቅር በይኝ።

እንግዲህ እንደ ሙያዬ ላስረዳሽ። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ዘርግተሽ ነፋስ ላይ ሄደሽ ታውቂያለሽ? እግርሽ የሚራመደው ያንኑ መንገድ ነው፤ ጉልበትሽ ግን ሁለት እጥፍ ይወጣል። ቦቴም እንዲያ ነው። ፊቱ እንደ ግድግዳ ነው። ከሎግያ ወዲህ ባለው ሜዳ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ሾፌሩ በዝግታ የሚነዳ ቢመስለውም ሞተሩ ሩጫ ላይ ነው ያለው። በዛብህ ይህን ስለሚያውቅ ሜዳውን በማለዳ ለመጨረስ ይጥር ነበር። ጭነት ዘግይተው ሲሰጡት ግን ምን ያድርግ?

«ሲመለስስ ከኋላ ይገፋው የለም ወይ?» ትይኛለሽ። ይገፋዋል። ነገር ግን ነፋስ ሲሄዱ የወሰደውን ያህል ሲመለሱ አይመልስም። ሃያ ዓመት ዓይቼዋለሁ።

ደጋው ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ ባሕር ዳር አየሩ ወፍራም ነው፤ ሞተር ጠግቦ ይተነፍሳል። ባቲን፣ ኮምቦልቻን እያለ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ጣርማ በር ላይ ሰው ራሱ አሥር እርምጃ ሮጦ ይቆማል። አየሩ ስለሳሳ ነፋሱ መኪናውን የሚገፋበት ጉልበት ያንሰዋል፤ ይህ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። ትንፋሹ ሲያጥር የሚጎርሰው ናፍታም በዚያው ልክ ማነስ አለበት። አለዚያ ሳይቃጠል ይወጣል። ይህ ናፍታውን ለሞተሩ የሚመጥነው የፖምፓ ነገር ነው። ፖምፓው

ስለዚህ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ወርቅነሽ ሰላም ትልሻለች።

ሳህሌ


አቃቂ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለጋሼ ሳህሌ፣

የትንሣኤው ብርሃን በቤትዎ ይደር። የጻፉልኝን አራት ጊዜ አነበብኩት። የጃንጥላውን ነገር ለሁንዴ ሳነብለት «መምህር ነው እንጂ መካኒክ ነው እንዴ!» አለ።

ግን «ፖምፓው» ከሚለው በኋላ አንድ መስመር በቀለም ተሰርዟል። እርስዎ እንደሚያውቁት እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከስኳር መጠቅለያና ባቡር ጣቢያ ከሚወድቅ የጭነት ወረቀት ነው። ከቁራጭ የለመደ ሰው የጎደለ ቃል መሙላት ልማዱ ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮት ይዤ አየሁት። ከተሰረዘው ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ተርፋለች። «እኔ» የምትል።

ሁንዴንም ጠየቅሁት። «በዛብህ በእነዚያ ሦስት ጉዞዎች ላይ ምን የተለየ ነገር ነበረው?» አልኩት። «ጭስ» አለኝ። «ከኋላው ነበርኩ። ደብረ ሲናን ለቀን ጣርማ በርን ስንወጣ ጭሱ እንደ ከሰል ጥቁር ነበር። መንገዱን አላሳየኝ ቢል በዛብህን ሰደብኩት። እኔ መኪናውን ስረከበው ግን እንዲያ አልጨሰም።»

ጋሼ ሳህሌ፣ የዚያን መኪና ጭስ ያጠራው ማን ነው? የተሰረዘውስ መስመር ምን ይላል?

ብዙወርቅ


አቃቂ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለጋሼ ሳህሌ፣

ክረምቱ ገብቷል። ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ሊነካ ምንም አልቀረው። እርስዎ ጋ ደግሞ ሐሩሩ የከፋበት ወር ነው ይላሉ፤ እግዚአብሔር ጥላ ይሁንዎ።

ምናልባት ደብዳቤዬ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ነው። ጠፍቶ ከሆነ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። አልጠፋም ከሆነ መጠበቄን ይወቁልኝ።

መገርሳ ሥራ ለቆ አገሩ ገባ። በእሱ ቦታ የቆመው አዲስ ሰው ነው፤ ድምፁ ቀጭን ነው። «በዛብህ» ሲል እንደ ሴት ጥሪ ይመስላል። ትናንት እኔው ራሴ የጠራሁት መስሎኝ ደነገጥኩ።

ብዙወርቅ


አሰብ፣ መስከረም 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለብዙወርቅ፣

በሰላምታ ላስረዝመው አልችልም።

ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል። አልጠፉም። የተሰረዘው መስመር «ፖምፓውን የከፈትኩት እኔ ነኝ» ይል ነበር።

በዚያ ዓመት ነፋሱ በርትቶ ነበር። በዛብህ እየመጣ «ጋሼ፣ ሞተሩ ጉልበት አጣብኝ፤ ሜዳው ላይ ቆሞ ይቀራል» ይለኛል። ፖምፓው የኩባንያው ማኅተም ያለበት ሽቦ ታስሮበታል። ከዋናው ጋራዥ ሰው በቀር ማንም እንዳይነካው ትእዛዝ አለ። እኔ ሽቦውን ፈታሁና ብሎኑን ሩብ ዙር ከፈትኩለት። ናፍታ ጨመረ፤ ጉልበት አገኘ። እዚህ፣ በወፍራሙ አየር፣ እንደ አንበሳ ሄደ። ደጋ ሲወጣ ግን ያው ናፍታ ለሳሳው አየር በዛ። ሳይቃጠል በጭስ ወጣ። ሁንዴ ያየው ጥቁር ጭስ ያ ነው። ነፋሱ ትንሹን ጠጣ፤ ትልቁን እኔ ነኝ ያጠጣሁት።

በሚቀጥለው ጉዞ እዘጋዋለሁ ብዬ ነበር። ሲመጣ አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ዋለ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ በዛብህ ተያዘ። መኪናው ለሁንዴ ተሰጥቶ ሲወርድ በመጀመሪያው ቀን ብሎኑን መልሼ ሽቦውን አሰርኩት። መልሼ በማሰሬ ነው በበዛብህ ላይ የፈረድኩበት። በሁንዴ ላይ ሳይጠጣ ሲቀር የበዛብህ ሌብነት ተረጋገጠ።

ሁሉንም ያውቅ ነበር። ከተባረረ በኋላ በሰው መኪና ተሳፍሮ አሰብ ድረስ መጣ። ጋራዡ በር ላይ ቆመን ስሜን እንዳያወጣ ለመንኩት። እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አንቱ ስድስት ልጅ አለዎት። እኔና ብዙ ሁለት ነን። ሁለት ሰው እንጀራ አያጣም።» ቤቴ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የጋራዡ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ሠራተኛው ሁሉ የሚሰማው ቆርቆሮ ነው። እኔ የምሰማው የእሱን መኪና ነው፤ ማርሽ ሲቀንስ፣ ሲቆም፣ ሳይወርድ ሲቀር። ቀና ብዬ በሩን አያለሁ። አምስት ዓመት ሆነኝ።

ይህ ወረቀት የእጅ ጽሑፌ ነው፤ ከታች ፈርሜበታለሁ። የፈለግሽውን አድርጊበት። ልጆቼን ግን አስቢልኝ።

ሳህሌ


አቃቂ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለጋሼ ሳህሌ፣

ጤናዎን እየለመንኩ ልጀምር፤ የሚከተለው ይከብድዎታልና።

ወረቀትዎ በደረሰኝ ቀን ሻይ አላፈላሁም። «እኔና ብዙ ሁለት ነን» የሚለው ላይ ደርሼ አቆምኩ። ሁለት ነን ብሎ የተስማማው ከእርስዎ ጋር ነው፤ ከሁለቱ አንዷ እኔ ስሆን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እሺ እለው ነበር ይሆናል። ግን አልጠየቀኝም። በዚያ አልጋ ላይ ሁለት ዓመት ተኝቶ በነፋስ ብቻ አመካኘ። አሁን አንድ ነኝ።

ሦስት ቀን ቆይቼ ወደ ቢሮው ሄድኩ። የድሮው ሹም ተዛውሮ በቦታው መነጽር ያደረጉ ትሑት ሰው ተቀምጠዋል። ወንበር ሰጡኝ።

«የመጣሁት በበዛብህ ጉዳይ ነው» አልኳቸው።

«በእንጨቱ?»

«በሰውዬው።»

«የትኛው ሰውዬ፣ እናቴ?»

«እንጨቱ የተጠራበት። ባለቤቴ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስም ነው እንዴ? እኔማ ስመጣ የነገሩኝ ሲጎድልባቸው ‹በዛብህ› ለማለት ነው ብለው ነው። አዲሱ ለኪም ይኸው ይመስለዋል።»

ጋሼ፣ አምስት ዓመት ሌባ እያሉ የሚጠሩት ሲመስለኝ፣ ለካ ሌባ ብሎ የሚያስበው ሰው እንኳ አልቀረም። ወረቀቱን ይዤ ልመለስ ተነሳሁ። ማንን ላስታርቅ? ከማን ጋር? ደግሞ ተቀመጥኩ። ስሙ ሌላ ነገር ሆኖ ሲቀር ዝም ብዬ ባይ፣ የምቀብረው ሁለተኛ ጊዜ ነው አልኩ።

ወረቀትዎን አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ሳነብ አውራ ጣቴ ፊርማዎ ላይ ነበር። አስቤበት አልነበረም፤ ጣቴ ራሱ ሄዶ ተቀመጠ።

«ማኅተሙን የፈታው መካኒክ ማን ይባላል?» አሉኝ።

እትዬ ወርቅነሽን አሰብኩ፤ ወገቧን። ልጆቹን አሰብኩ።

«እናቴ፣ ያለ ስም ልጽፈው አልችልም። ያለ ስም ከሆነ ያው ነፋስ ጠጣው ማለት ነው።»

ጣቴን አነሳሁ።

ስምዎን ሰጥቻለሁ፣ ጋሼ ሳህሌ። ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ነው የምጽፈው። በዛብህ እስኪሞት ደብቆልዎታል፤ እርስዎም አላረፉበትም። እኔ በዛብህ አይደለሁም። ሰውዬው የባለቤቴን መዝገብ አስወጥተው በቀይ ቀለም ጻፉበትና አስፈረሙኝ። ወደ አሰብም በዚህ ሳምንት ደብዳቤ እንደሚልኩ ነግረውኛል። በፖስታ ስለሚሄድ ሳምንት ይፈጃል። ይህንን ደግሞ ሁንዴ ነገ በማለዳ ይዞት ይነሳል፤ ቀድሞ ይደርስዎታል። ሳይጠሩዎት በፊት በእግርዎ ሄደው ይንገሯቸው። በገዛ አፉ የተናገረን ሰው እንደተያዘ ሰው አያዩትም። ደግሞም ቢያሰናብቱዎት፣ እዚህ ሁለት ክፍል አለኝ፤ አንደኛው ባዶ ነው። ከእትዬ ወርቅነሽና ከታናናሾቹ ጋር ይምጡ። አቃቂ ከባድ መኪና እስካለ ድረስ መካኒክ ሥራ አያጣም። ይህን የምለው ለማስታገስ አይደለም፤ ክፍሉን ጠርጌዋለሁ።

በአሥራ ዘጠኝ፣ በገብርኤል ዕለት፣ ሁንዴ ቃሉን ጠበቀ። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሳለ ቆሞ «ወንድማችን በዛብህ» አለ። «ስለ ጭሱ ሰድቤው ነበር» አለና ተቀመጠ።

አዲሱ ሹምም ለኪውን ጠርተው አስጠንቅቀውታል። ባቡሩ ጮኾ ሲያልፍ በሩ ተከፈተ፤ ሰውዬውም አፉን ከፍቶ ቆመ፤ ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠፋው። ኋላ «ያንን… ያንን እንጨት» አለ።

ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ቀና ለማለት አንገቴ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ምንም አልመጣም። በማግስቱም ጠበቅሁ፤ ምንም። በሦስተኛው ቀን ነፋሱ በሬን ሲገፋው ከአልጋው በኩል ያለውን ድምፅ አዳመጥኩ፤ እሱም የለም። ቤቱ ቤት ብቻ ነው። ለእኔ በዛብህ የሞተው ያን ዕለት፣ ባለፈው ሐሙስ ነው፣ ጋሼ። ለቀብሩ ያላለቀስኩትን ያን ቀን ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩለት።

መንገዱን በማለዳ ይጀምሩት፤ ሜዳው ላይ ነፋሱ ሳይነሳ።

ብዙወርቅ